ከኢየሩሳሌም የመጣ መነጽር

ሰኞ፣ ደብረ ታቦር፣ ጎህ ሲቀድ

በቅሎዋ ተጭናለች፤ እኔ ግን ከሰው እጅ አልወጣሁም። ያሳደሩኝ ሰዎች «ኢየሩሳሌም ተሳልመህ መጥተህ እኛን በባዶ እጃችን ትተኸን ልትሄድ ነው?» ብለው በሩን ዘግተውብኛል። ሁለት መቁጠሪያ ሰጥቼ አመለጥሁ። ባለበቅሎው አያሌው ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም።

ልትሳለሙ የምታስቡ አንባቢዎች ካላችሁ ምክሬን ስሙ። የወይራ እንጨት መቁጠሪያ ቀላል ስለሆነ በብዛት ያዙ፤ ዘመድ አይጠግብም። የወይራ ዘይት ሳሙና ይጠቅማል፣ ሽታው ግን እስከ ነጠላዬ ገብቷል። የዮርዳኖስን ውኃ በብልቃጥ አትያዙ። የኔው ጎንደር ሳይደርስ ተሰብሮ ስኳሬን አጠመቀው።

ሰኞ፣ ጉና ሥር፣ ከቀትር በኋላ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቆሎ እየቆረጠምን አያሌው «ጉያህ ውስጥ የምትዳብሰው ምንድን ነው?» አለኝ።

መነጽር ነው። አባቴ መምሬ ወልዴ ታች ጋይንት አርብ ገበያ ቄስ ናቸው። እሑድ እሑድ ተአምረ ማርያም ለሕዝቡ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ደብሩ እስከ መጪው እሑድ ታግሶ፣ ካልሆነላቸው ንባቡን ለሌላ ቄስ ሊሰጥ ነው። ሲለዩኝ «ሌላው ቢቀር መነጽር» ነበር ያሉኝ።

ኢየሩሳሌም ገበያ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ በትሪ ሙሉ መነጽር ዘርግቶ አገኘሁ። ዳዊቴን ገልጬ አንድ በአንድ ሞከርሁ። አንዳንዱ ፊደሉን ያሳብጠዋል፣ ራስ ያዞራል። ጥርት አድርጎ ያሳየኝን ያዝሁ። ሽማግሌው ቋንቋችን ስለማይገናኝ ሽበቱን በጣቱ እየነካ ሌላውን ይዘረጋልኛል። «ስለ ሽበቴ ብለህ ይህን ግዛኝ» እያለ የሚለምነኝ መሰለኝ። ሽበቱን አክብሬ እጅ ነሣሁና የመረጥሁትን ይዤ ሄድሁ።

ማክሰኞ፣ ንፋስ መውጫ፣ ማምሻውን

ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ከኢየሩሳሌም ምን ይዘሃል?» ይለኛል። ሳሙናው አለቀ። ያሳደሩን እማሆይ የባቄላ ወጥ አቀረቡልንና፣ የመነጽሩን ነገር ከአያሌው ሰምተው ኖሮ፣ መርፌና ክር ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ያን መነጽርህን አንዴ አውሰኝ።»

«እማሆይ፣ የአባቴ ነው። ቢሰበርስ?»

«በቃ፣ እበላዋለሁ እንዴ?»

ምን ይደረግ፣ ሰጠኋቸው። አጠለቁት፣ ክሩን ወዲህ ወዲያ አሉት፣ አውልቀው መለሱልኝ። «ልጄ፣ ይህ ለኔ ምንም አልጨመረልኝም።»

አያሌው ቁራሹን እንደያዘ ቀና አለ። «አንተ ሰው፣ ያ ሽማግሌ ሽበቱን ያሳየህ እኮ ለሽማግሌ ከሆነ ይህን ውሰድ ሊልህ ነው! አንተ በገዛ ዓይንህ መረጥህ?»

ባሕር ተሻግሬ ለጤነኛ ዓይን የሚሆን መነጽር ገዝቼ መጣሁ። በራሴ በጣም ተናደድሁ።

ሐሙስ፣ አርብ ገበያ፣ ረፋድ

መንገዱ ለነገው ገበያ እህል በጫኑ አህዮች ተጨናንቋል። በየመንገዱ የሚስመኝ ሰው ብዛት! አንዳቸውንም ማየት አልፈለግሁም።

አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የደብሩ አለቃና ጎረቤቱም መምጣቴን ሰምተው ከበዋቸዋል። ጉልበታቸውን ሳምሁ። እንደምን ሰነበትህ ሳይሉ እጃቸውን ዘረጉ። በሰው ፊት ምን ልበል? ሰጠኋቸው።

መነጽሩን አደረጉ። ዳዊታቸውን ገለጡ። አንድም ሳይደናቀፉ የመጀመሪያውን መዝሙር ያወርዱት ጀመር። አለቃው «ተመስገን፣ ዓይናቸው ተመለሰ! እሑድ ተአምሩን እሳቸው ያነቡታል» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ መጽሐፉን አየሁት። የተገለጠው ግን መጨረሻው፣ ውዳሴ ማርያም ላይ ነበር።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አባቴ መነጽሩን ሳያወልቁ ወደኔ ዞሩ።

«ምንም አይታየኝም፣ ልጄ። ለማንም እንዳትናገር።»

«አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው...»

«ተወው። የተአምረ ማርያምን መቅድም በቃሌ አውቀዋለሁ። የእሑዱን ተአምር ግን ታስጠናኛለህ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ መጽሐፉን አምጣና ተቀመጥ።»

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ማንበብ ጀመርሁ።