ዘይነባ የረጨቻት ጥቁር መኪና

ይህን ከነፍስ አባቴ እንኳ ደብቄያለሁ። ሌላውን ኃጢአቴን አንድ በአንድ እናገርና እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ሚስቴም አታውቅም። እናንተ አታውቁኝምና እናንተ ስሙኝ። የአንዲትን ሴት ሥራ የኔ ነው ብዬ ወስጃለሁ። ይባስ ብሎ፣ ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ልቤ በደስታ ይመታል። በበደሉት ቀን መደሰት ምን የሚሉት ነገር ነው?

ግርማ እባላለሁ። ሱዳን ለሁለት ከተከፈለች ከሁለት ዓመት በኋላ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር፣ ስድስት ክፍል በዙሪያው ባለበት፣ ሖሽ በሚሉት የጋራ ግቢ ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ መኪና ቀቢ ነኝ እላለሁ እንጂ በየጋራዡ የምሠራው ብረት ማሸት ነበር። ከሁሉ የሚከብደውን ክሊሩን ማንም አሠርቶኝ አያውቅም። ክሊር ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ከላይ የሚረጭ፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚያበራ ሽፋን ነው። አሮጌ መኪናን አዲስ የሚያስመስላት እሱ ነው።

የግቢው ባለቤት ሐጅ ዑስማን አንዲት ጥቁር አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ሙሽራዋ በእሷ እንድትሄድ ፈለጉ።

«ስማ ግርማ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ቅባልኝ» አሉኝ። «ወንድሜ ኦምዱርማን ከተማ ውስጥ ጋራዥ አለው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይዤው እመጣለሁ፤ ሥራህን ከወደደው ያስገባሃል።»

«ኢንሻላህ» አልኩ። እንቅልፍ አጣሁ። ለዓመታት ስመኘው የኖርኩት በር ተከፈተልኝ።

ቀለሙ ጥሩ ወጣልኝ። ረቡዕ ክሊሩን ረጨሁ፤ ተበላሸ። በሮቹ ላይ እንደ እንባ ወርዶ ደረቀ፣ ኮፈኑ ላይ ደግሞ ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ሆነ። ሐሙስ ሙሉ ቀን በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ አሽቼ አለሰለስኩት። የቀረኝ ክሊር ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ነበር።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ዘይነባ ከሥራ ገባች። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ ዐማራት በሚባለው ሰፈር በአንድ ሀብታም ቤት ትሠራለች፣ ዓርብ ዓርብ ታርፋለች። ግድግዳችን አንድ ነው። ሥራ የማየት ፍቅር ነበራት፤ በዕረፍት ቀኗ ግቢው ውስጥ አሮጌ በርና አልጋ ስቀባ ወንበር አውጥታ ትመለከተኛለች፣ የቀለም መርጫውን በውሃ ሞልታም ግድግዳ ላይ ትሞክራለች። እኔ እስቅባት ነበር።

የመኪናዋን በር ዳስሳ፣ «ትናንት ጠዋት ስትረጭ አይቼሃለሁ» አለችኝ። «መሃል ላይ ትቆማለህ። እኔ የማዳምን ባል ጀለቢያ ስተኩስ ካውያው ከቆመ ልብሱ ይቃጠላል። እጅ ከመጣ ማለፍ አለበት።»

ዓርብ ንጋት ላይ ነፋስ የሚባል አልነበረም። ዘይነባ አቧራ እንዳይነሳ የግቢውን አፈር በውሃ አራሰችው፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታች፣ ጎረቤቶቹን እንዳይወጡ ለመነች። እኔ ክሊሩን ከማድረቂያው ጋር ደባልቄ አጠለልኩት። ይዛልኝ የነበረውን መርጫ ልቀበላት ስል አልለቀቀችውም።

«አብሽር» አለች፣ አይዞህ ስትል። «አንድ በር ብቻ።»

አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰር መጮህ ጀመረ። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ አሠረችና ተጠጋች። እጇ በሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ተነሣ፣ በሩን አቋርጦ አልፎ ሄደ፣ ተመለሰ። ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ግማሹን ሸፈነ፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን። አትቸኩልም፣ አትዘገይም። ጥቁሩ በር እየራሰ ሲያበራ የግቢው ግድግዳ ብቅ አለበት፤ ከግድግዳው በላይ የነጋው ሰማይ፣ ከሰማዩ በታች አፉን የከፈተ የኔ ፊት። አንድ በር የተባለው ተረሳ። ቱቦውን ይዤ ከኋላዋ እየተከተልኩ እንደ ሕፃን አለቅስና እስቅ ነበር። የመጀመሪያው ሽፋን እስኪጠጥር ጠብቀን ሁለተኛውን ስትደርብ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ የፈራን ይመስል በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ያለ ጠዋት አላየሁም። ኮፈኑ ላይ ስትጨርስ ዓይኖቿ ከሻሹ በላይ ይስቁ ነበር።

እኩለ ቀን ሳይሆን የካርቱም ፀሐይ አደረቀው። ሐጅ ዑስማንና ወንድማቸው ከመስጊድ መጡ። ወንድማቸው ማሻአላህ እያሉ ሁለት ጊዜ ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው ጺማቸውን በሩ ውስጥ አዩ።

«ሚኑ?» አሉ፤ ማነው የሠራት ማለታቸው ነው።

«አና» አልኩ። እኔ።

ማንም አላስገደደኝም። አፌን የያዘኝ አልነበረም። እኔ አልኩ፣ ስለውም ደረቴ በኩራት ተነፋ፤ ውሸቱ ራሱ ጣፈጠኝ። መርጫውን እየወለወለች የቆመችውን ዘይነባን እያዩ፣ «እሷስ?» ሲሉ ደግሞ፣ «ቱቦ የያዘችልኝ ናት» አልኩ። አረብኛው ከኔ ይልቅ ለእሷ ይቀላት ነበር፤ እያንዳንዷን ቃል ሰማች። መርጫውን ባልዲው ላይ አስቀመጠችና ክፍሏ ገባች።

ሐጅ ዑስማንና ወንድማቸው ከሄዱ በኋላ በሯ ላይ ቆሜ፣ «ሴት ረጨችው ብላቸው አያምኑኝም ነበር» አልኳት።

«ነግረሃቸው ሳያምኑህ ቢቀሩ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

እዚህ ላይ ባቆም ድንጋጤ ነው ትሉልኝ ይሆናል። ኦምዱርማን ጋራዡ ከገባሁ በኋላ፣ መርጫውን እሷ ባሳየችኝ አኳኋን እየያዝኩ ስሜ መጠራት ሲጀምር፣ አለቃዬ፣ የሐጅ ዑስማን ወንድም፣ አንድ ቀን ጠሩኝ። ሥራ በዝቷልና እንደኔ ያለ እጅ የማውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ወንድ ይሁን አላሉም። «የለም» አልኩ። በዚያው ሰሞን ዘይነባ ማዳሟ ወደ ሌላ አገር ልትወስዳት እንደሆነ፣ እዚህ ሌላ ሥራ ብታገኝ ግን እንደምትቀር ነግራኛለች። ይህን እያወቅሁ ነው የለም ያልኩት። ለምን? እሷ ከመጣች የማን እጅ የተሻለ እንደሆነ በአንድ ቀን ይታወቃላ። እኔ ፈራሁ፣ እሷ ሄደች።

ከአራት ዓመት በኋላ የአጎቷን ልጅ ዴም ውስጥ አገኘሁና ወደ ኮምቦልቻ መመለሷን ነገረኝ፤ ስልኳን ሰጠኝ። ደወልኩላት። ድምፄን ስትሰማ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ጎረቤቶቹን ሁሉ በየስማቸው ጠየቀችኝ።

«አሁንም ትቀባለህ?» አለችኝ።

«አዎ፣ አለሁበት።»

«ጎበዝ» አለች። ድምጿ ቂም የለበትም፤ አዳመጥኩት፣ ፈለግሁበት፣ አጣሁበት።

ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የደወልኩት። ስለ ሙቀቱ አወራሁ። ስለ ኑሮ ውድነት አወራሁ። የስልኬ ሂሳብ እስኪያልቅ አወራሁና ተቋረጠ። ሞልቼ መልሼ አልደወልኩም።

ቁጥሯ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ወጣት ነበርኩ፣ ስደት ክፉ ነው፣ ጊዜው እንዲህ ነበር ብዬ አላመካኝም፤ እሷም ያው ስደት ላይ ነበረች። ከእናንተም ምሕረት አልለምንም። የተበደለችው እሷ ናት፣ ይቅር ማለትም የእሷ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ነግሬ ለእሷ አንዲት ቃል መናገር ያቃተኝ ሰው ነኝ።