የአዳራሹ ዘበኛ

የስብሰባ አዳራሹ ዘበኛ ኮሌታው ያለቀ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጆሮውን ወደ ውስጥ ጥሎ ቆሟል። የሁለቱ ፓርቲዎች መሪዎች በበጀቱ ካልተስማሙ ሴት ልጁ በነርስነት የምትሠራበት ክሊኒክ ይዘጋል። አንዱ መሪ ጠረጴዛ እየደበደበ ይጮኻል፤ ሌላው ፈገግ ብሎ ያዳምጣል።

«የሚጮኸው አያሳስብም፤ ጉሮሮው ሲደርቅ ይለዝባል» አላት ዘበኛው በሩ አጠገብ ለምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ።

«ፈገግ የሚለውስ ጋሼ?»

በሩ ተከፈተ። ጯሂው ፊቱን አጥቁሮ አለፈ። ፈገግ ባዩ ግን ቆም አለለት።

«እንዴት ሆነ ጌታዬ?»

«እናያለን፣ አባቴ» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ዘበኛው እጅ ነሥቶ ሸኘው። ከዚያ ስልኩን አወጣና ለልጁ ደወለ።

«እናያለን ብለዋል። ሌላ ሥራ ፈልጊ፣ የኔ እናት።»