የጠመኔው መስመር

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ያልተነካ ኮቱን ትናንት ላራግፍ ስል ከኪሱ ጨርቅ የሚያሰምርበት ጠመኔ ወጣ፤ ጣቴ ነጭ ሆነ፣ ብታጠብም ሽታው አልለቀቀኝም። ዛሬም መቀመጥ አቅቶኝ ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን በረንዳ ስመላለስ የልጅ ልጄ ለእንግሊዝኛ ንግግር ልምምድ ያዘችኝና የአያቷን ሥራ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

"እማማ፣ ይመልሱልኛ!"

ሽታው ግን በደርግ ጊዜ ኮልፌ ወደተማርኩበት፣ የቆርቆሮ ጣሪያው በቀትር ወደሚንጣጣው ክፍል ወስዶኝ ነበር። አዲስ የመጣው የእንግሊዝኛ መምህራችን ወለሉን መሃል ለመሃል በጠመኔ ያሰምርና ተራ በተራ እያስነሳ ይጠይቀናል፤ የመልሳችን ግስ የአሁን ጊዜ ከሆነ ከመስመሩ ወዲህ እንቆማለን፣ ያለፈ ከሆነ ዘለን ወደ ኋላ። ሰፈራችንን ሲጠይቀን ወደ ፊት፣ ቁርሳችንን ሲጠይቀን ወደ ኋላ እየዘለልን አቧራውን እናቦነዋለን፤ ቁርስ ያልበላው ልጅ የት እንደሚቆም ግራ ገብቶት ሁላችንንም አስቆናል።

አንድ ቀን አጠገቤ የሚቀመጠው፣ ኋላ ባሌ የሆነው ልጅ ተነሳ። መምህሩ የታላቅ ወንድሙን ሥራ ጠየቀው። የብዙዎቻችንን ዩኒፎርም የሰፋው ያ ወንድሙ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከተወሰደ በኋላ ወሬው ጠፍቷል፤ እናቱ ግን የስፌት መኪናውን በየማለዳው ዘይት ትቀባለች። መምህሩ ይህን አያውቅም።

ልጁ በእንግሊዝኛ "ልብስ ሰፊ" ብሎ፣ "ነው"ም "ነበር"ም ሳይል ቀጥ አለ፤ አንድ እግሩ ከመስመሩ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ።

"ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!" አለ አንዱ ከኋላ፣ እንደ ልማዳችን።

"አንተ ዝም በል! ወንድሙ ይመጣል!" አልኩት ሳላስበው።

"ምረጥ እንጂ ጎበዝ" አለ መምህሩ እየሳቀ።

"ቲቸር፣ እዚሁ ብቆምስ?"

ማንም አልሳቀም። መምህሩ ፊታችንን አንድ በአንድ አየና ዳስተር ሳይፈልግ መስመሩን በጫማው ጠርጎ አጠፋው።

"ተቀመጥ፤ ልክ ነህ።"

ወንድሙ አልመጣም። ባለቤቴ በዚያ መኪና ዕድሜውን ሙሉ ሰፋበት፤ የማን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ "የወንድሜ ነው" ይል ነበር፤ እኔም አንድ ቀን አርሜው አላውቅም።

የልጅ ልጄ አሁንም ትጠብቀኛለች። "ልብስ ሰፊ" ብያታለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አልጨረስኩላትም። ተነስቼ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሳሎኑ ተወልውሎ ያበራል፣ አንዲት የጠመኔ ነጥብ የለበትም፤ እኔ ግን መስመሩ ይታየኛል፤ በጫማው ጠርጎ የሚያጠፋልኝ ሰው ነው የሌለኝ።