ሽማግሌው ያለውን አልነገርኩትም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ነግሬ ይህን ዋጥኩት። ለአንተ የሚወጣልኝ ስለማታውቀኝ ይሆናል።

ከመጨረሻው ደህና ቀን ልጀምር። ዓርብ ነበር። ሌክ ሃይላንድስ፣ አፓርታማችን ፓርኪንግ ውስጥ ታላቅ ወንድሜ አብርሃም ጀልባዋን ከመኪናው ኋላ በሚጎተተው ትሬለር ላይ እንዳለች ያጥባታል።

«አብርሽ፣ ኖኅ ልትሆን ነው? ዳላስ እኮ ባሕር የለም!» አለው ከፎቅ የሚኖረው ጋሽ ተፈራ፣ በረንዳው ላይ ተደግፎ።

«ጋሼ፣ ውሃው ሲመጣ እርስዎን ጥዬ ነው የምሄደው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እያወቅኩ ሳቅኩ።

ምን አውቅ ነበር? ቆይ፣ ከሥሩ ልንገርህ።

ወንድሜ ዋና አይችልም ነበር። ፋርመርስ ብራንች፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ውሎ ይመጣና የሚያወራው ግን ስለ ቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ነው፤ ጥልቀት ስለሌለው ውሃ። «ቆሜ የምወጣበት ውሃ ላይ ምን እሆናለሁ?» ይለኛል። ስለዚህ የሚፈልገው አሮጌ የሸራ ጀልባ ነበር። ከሆዷ ሥር ከባድ የብረት ክንፍ ያላት፣ ክንፉ በሽቦ ገመድ ወደ ላይ የሚሳብ፣ ሲሳብ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ የምትሄድ።

እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር ማስታወቂያውን የማነብለት፣ ከሻጮቹ ጋር የማወራለት እኔ ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐይቅ ሐይቅ ይዞኝ ይዞራል። የእሱ ሥራ ማንኳኳት ነው። በካቻቪቴ እጀታ የጀልባዋን ጎን ከጫፍ ጀምሮ እያንኳኳ ያዳምጣል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ደህናው ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድፍን ይላል። የበሰበሰ ቦታ ላይ ሲደርስ ያቆማል። መዳፉን ብቻ እዚያ ላይ ያሳርፋል፣ እንደ ታማሚ ግንባር። አሥር ጀልባ እንዲህ ጥለናል።

አሥራ አንደኛዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንኳኳ። አላቆመም። ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ በርቷል። ያኔ ባለቤቷ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ ወንድሜን ዓይን ዓይኑን እያየ ተናገረ። ክንፉን የያዘው የሽቦ ገመድ ከውስጥ ዝጓል፤ ሳትቀይረው ባሕር ላይ እንዳታወጣት፤ ክንፉ ተስቦ እያለ ደግሞ ማንም ሥሩ እንዳይገባ። እንዲህ አለ። ሰማሁ። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

«እሺ፣ ምን አለ?» አለኝ ወንድሜ።

«ደህና ናት፣ ተንከባከባት አለ።»

ለምን? ያን ቀን አዲሰን ሰፈር ኳስ ጨዋታ ነበረኝ። እውነቱን ብነግረው ገመድ ፍለጋ፣ ካልሆነም አሥራ ሁለተኛ ጀልባ ፍለጋ ሌላ ቅዳሜ ይበላብኛል ብዬ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሮ «ነገርከው?» አለኝ። ነግሬዋለሁ አልኩ። ወንድሜ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ አመሰገነው። ሽማግሌውም ለምክሩ የተመሰገነ መስሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በዚያ ዓርብ ማግሥት፣ ወንድሜ ብቻውን ወደ ባሕሩ ሄደ። «ትመጣለህ?» ብሎኝ ነበር። ኳስ አለኝ አልኩት። ሲመሽ ስልክ ተደወለ። አብርሃም ሞቷል።

በማግሥቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ አንድ የፖሊስ መኮንን ቤታችን መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እማዬ ፊት ለፊቱ፣ እኔ በመካከላቸው። እንደገና በመካከል። መኮንኑ ቀስ እያለ አስረዳኝ። የጀልባዋ ክንፍ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮበት ነበር። ክንፉን ስቦ ሊገፋት ውሃ ውስጥ ወርዶ ሥሯ ጎንበስ አለ። የዛገው ገመድ ተበጠሰ። ክንፉ እንደጎነበሰ እግሩ ላይ ወርዶ ከአሸዋው ጋር ያዘው። ቢቆም ውሃው ደረቱ ድረስ ብቻ ነበር። መቆም ግን አልቻለም። ከዚያ፣ ስትገዟት ስለ ገመዱ የነገራችሁ ሰው ነበር? ብሎ ጠየቀኝ።

«የለም» አልኩ።

«ምን አለህ?» አለች እማዬ። «ልጄ ያጠፋው ነገር አለ ወይ? ጠይቅልኝ።»

አልጠየቅኩም። «ማዕበል ነው አለ፣ እማዬ» አልኳት።

ራሴን ስባ ሳመችኝ። «አንተ ባትኖርልኝ ማን አፍ ይሆነኝ ነበር» አለችኝ።

ልጅ ነበርክ አትበለኝ። ማረኝም አልልህም። በዚያች አፍ ምን ብዬ?

መኮንኑ ወጣ። ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ያኔ በኩሽናው በኩል ካለው ግድግዳ ተሰማኝ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝም አለ። ከዚያ ትንሽ ጠጋ ብሎ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ደህናውን እያለፈ፣ እያዳመጠ፣ በግድግዳው ዙሪያ መጣ። በበሩ አለፈ። በእማዬ ጀርባ አለፈ። እኔ ጀርባ ላይ ሲደርስ አቆመ።

እማዬ ቀና አለች። «ማነው?» አለችኝ።

«ማንም የለም» ብዬ ተረጎምኩላት።