ከአርባው ማግስት ወፍጮውን ስናስነሳ

በዚያ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ የሟቹ ባለወፍጮ ሚስት፣ ከአሶሳ የመጣው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ መቃብሩን የቆፈሩት የበርታ ተወላጅ ሽማግሌ ጎረቤት፣ እና ሞተር በመፍታት ሞተር የተማርኩት እኔ።

ወፍጮ ቤቱ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ለሐዘኑ ሲባል እስከ አርባው ድረስ ሞተሩ አልተነሳም። ወንድምየው የጭነት መኪና ይዞ መጥቶ በር ላይ አቁሟል። «ዛሬ ከተነሳ ይቅርላት፤ ካልተነሳ ጭኜው እሄዳለሁ» ብሏል። ሴትዮዋ ከዚያ ወፍጮ በቀር መተዳደሪያ የላትም።

የታኅሣሥ ብርድ ነበር። ሞተሩ በእጅ የሚዞርበትን ብረት፣ ማኒቬላውን፣ ስጨብጠው ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ተሰማኝ። ሳዞረው ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ሲጥ ይላል፤ ናፍጣው ይደርሳል ማለት ነው። እመቃውም ጥሩ ነው፤ መዘውሩ እጄን መልሶ ይገፋል። እንዲሞቅ የፈላ ውሃ ሞላንበት። አልተነሳም። ማዞሬን ባቆምኩ ቁጥር ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሳል፤ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው። ሴትዮዋ በሰማችው ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ ትጭናለች።

«ከባለቤቱ ጋር ሞቷል» አለ ወንድምየው። «ምን ታሻሸዋለህ፣ ልትገንዘው ነው?»

«የሞተ አይተነፍስም» አሉት ሽማግሌው።

አንድ ዘዴ ቀረኝ። ናፍጣ የነካ ጨርቅ ለኩሼ አየር ማስገቢያው አፍ ላይ ያዝኩ። ወንድምየው እየሳቀ ማኒቬላውን አዞረልኝ። ሞተሩ ነበልባሉን ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት፤ እሱ ግን ወደ ፊቴ ተፋው።

የገባው አየር መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ጣሪያው ላይ ወጣሁ። በጭስ ማውጫው ጫፍ ሟቹ የደፋት ጣሳ አለች፤ ሞተሩ ሲሠራ ትጮኻለች፣ ሩቅ ያለውም መንደር እሷን ሰምቶ እህሉን ይጭናል። በእሷ ምክንያት ማናችንም የቧንቧውን አፍ አላየንም። ሳነሳት ቧንቧው በነጭ ሻሽ ተወትፏል።

ሻሹን ነቅዬ ጣሳዋን መልሼ ደፋሁና ወርጄ ሻሹን ለሴትዮዋ ሰጠኋት። ጫፉን አገላብጣ በሰማያዊ ክር የጣፈችውን ቦታ አገኘችው።

«ሲገነዝ ራሱ ላይ ያሰርኩለት ነው።»

«ወላሂ፣ እኔ ጉድጓድ ቆፈርኩ እንጂ ጨርቅ አልነካሁም» አሉ ሽማግሌው።

ወንድምየው ማኒቬላውን ለቆ ወጣ። ብቻዬን አዞርኩት፤ ወዲያው ተነሳ። ጣሳዋ ጮኸች፤ ከመንደሩ እህል የተሸከሙ ሴቶች ብቅ አሉ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

ሻሹ ዛሬ ታጥቦ ሞተሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ እሷም አትጠይቅም። ሐዘንተኛ ቤት ወፍጮ እንዳይጮኽ ብሎ ቧንቧውን የደፈነ ሰው ቢኖር ይገባኛል። የጨርቁ ነገር ግን አይገባኝም። በግንዘቱ የነበራችሁ፣ አስከሬኑንም ወደ ጉድጓዱ ያወረዳችሁ፣ ያኔ ሻሹ ራሱ ላይ ነበር? ያያችሁትን ጨምሩበት።