የእትዬ አሰለፈች ዘንቢል

እትዬ አሰለፈች የሚኖሩት ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም፤ እሳቸውም ፈልገውት አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አቃቂ ካለ ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ከማሽን ማሽን እየተመላለሱ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ማታ ጓደኞቻቸው ሰርቪስ ላይ ሲጋፉ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዱን በእግር ይነኩት ነበር።

ልጃቸው ነቢዩ እናቱን ይወዳል። ነገሩ የተበላሸውም በዚሁ በፍቅር ነው። አንድ ቀን ረጅም ገመድና ዘንቢል ይዞ መጣና በረንዳው ብረት ላይ አሰረላቸው።

«ከእንግዲህ ለሽንኩርት ብለሽ አትወርጂም እማዬ። ዮዲን ትጠሪያለሽ፣ ዘንቢሉን ትለቂያለሽ፣ ትጎትቻለሽ። አለቀ።»

ዮዲ ከሕንፃው ሥር ጉልት የምትቸረችር ልጅ ናት። እትዬ መጀመሪያ ላይ ወደዱት። ከላይ ሆኖ ማዘዝን ማን ይጠላል? ወራት ሲያልፉ ግን ከሶፋ በተነሱ ቁጥር ጉልበታቸው እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይል ጀመር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አቃታቸውና ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

ነቢዩ ይህን ሲሰማ መፍትሔ ለማግኘት አልዘገየም። ግራውንድ ላይ የሚኖሩት አቶ ቃልቤሳ አቧራውና የልጆች ኳስ አስመርሯቸው ከፍ ያለ ቤት ይፈልጉ ነበር፤ መቀያየር ነው።

«እርጅና ነው እማዬ፣ ምን ይደረጋል» አለ።

እትዬ በረንዳቸውን ሊለቁ ነው! ነፋሱ፣ በርበሬ የሚያሰጡበት ፀሐይ፣ ማለዳ ማለዳ የሚያዩት የየረር ተራራ ሁሉ እዚያ ነው። ጤና ጣቢያ ሄደው ጉልበታቸውን ለሲስተር ትንቢት አሳዩ። ሲስተሯ እጠፉ ዘርጉ እያለች አየቻቸው።

«እማማ፣ ዕድሜም የራሱን ወስዷል። የቀረውን ግን የወሰደው መቀመጥ ነው» አለቻቸው። «ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይሟሽሻል። ቀስ እያሉ ደረጃውን ይጀምሩት፤ ሲያምዎት ቆም ይበሉ።»

እትዬ ለልጃቸው ደወሉ። «እስከ ሆሳዕና ታገሠኝ። የፋሲካውን ሽንኩርት ተሸክሜ፣ ሳልቀመጥ ከወጣሁ ቤቴ ቤቴ ነው። ካቃተኝ ዕቃዬን ራሴ እሸክፋለሁ።»

ነቢዩ ሳቀና ተስማማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዮዲ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። እትዬ ብሩን ዘንቢሉ ውስጥ አድርገው ይለቁና፣ እሳቸውም በደረጃው ተከትለው ይወርዳሉ።

«እማማ፣ ዘንቢሉ ቀደመዎት።»

«እሱ ጉልበት የለው ምን ያመዋል። ቲማቲሙን ለእኔ ስጪኝ።»

«ታዲያ ለምን ያወርዱታል?»

«ሐሳቤን እንዳልቀይር ነዋ። ብሬ ከወረደ እኔ እላይ ቤት ምን እሠራለሁ?»

መጀመሪያ ሰሞን በየፎቁ እየቆሙ ግድግዳ ይደገፉ ነበር። አንዳንድ ቀን አሟቸው ቀርተዋል፤ ብሩም ዮዲ ጋ አድሯል። እያደር ግን ሲጥ የሚለው በር ዘይት የተቀባ መሰለ።

የሆሳዕና ዕለት እትዬ ዘንባባ በግንባራቸው እንዳሰሩ ሽንኩርታቸውን አነሱ። ነቢዩ የቀረውን ሽንኩርት በማዳበሪያ ተሸክሞ ከኋላ ተከተለ፤ «ብትወድቂ እይዝሻለሁ» ብሎ። አቶ ቃልቤሳም የሚቀይሩትን ቤት ሊያዩ አብረው ወጡ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ እትዬ ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማል።

«መቆም ይፈቀዳል?» አሉ አቶ ቃልቤሳ፣ ራሳቸውም እያለከለኩ።

«የተከለከለው መቀመጥ ነው።»

«ልጁስ የት ደረሰ?»

ወደ ታች አዩ። ቀኑን ሙሉ ቢሮና መኪና ውስጥ የሚውለው ነቢዩ፣ ማዳበሪያውን ታቅፎ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ያኔ እናቱ የተቀመጡባት ደረጃ ላይ።

እትዬ የቀረውን ፎቅ ወጡ፤ ሽንኩርታቸውን ወጥ ቤት አስቀመጡና በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። አቶ ቃልቤሳ በሩን ተደግፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«እኔስ አቧራውን ለምጄዋለሁ እትዬ አሰለፈች» አሉ።

ዘንቢሉ በገመዱ ላይ እየተወዛወዘ፣ ነቢዩ ከተቀመጠበት ክፍት ደረጃ ጎን ወረደ።

«ነቢዩ!» ሲሉ ተጣሩ እትዬ። «ሽንኩርቱን እዚህ ውስጥ አድርገውና ባዶህን ና። አይዞህ፣ ቀስ እያልክ፤ ሲያምህ ቆም በል።»