በኦክስጅን የተቃጠለው ፀጉሬ

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መተማ ላይ፣ ዘይነብ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። እሷ መቀስ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች... እኔ ግን ገና እሺ አላልኩም።

ጊዜው የደርግ ነው። የከተማዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበርኩ። ከወር በፊት አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት፣ አንድ ጠርሙስ ኦክስጅን አስመጣችልኝ። ፀጉር የሚያነጣ ውሃ ነው። «አስር ደቂቃ ብቻ» ብላኝ ነበር። ተቀብቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩና የተማሪዎች ደብተር ማረም ጀመርኩ። የመተማን ፀሐይ ረሳሁት። ስድስት ደብተር፣ ሰባት ደብተር... የነቃሁት የራስ ቆዳዬ ሲለበልበኝ ነው።

ፀጉሬ የደረቀ የማሽላ አገዳ መሰለ። ሲረጥብ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበራል። ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ መምህርት፣ ፀጉርሽ ወደ የትኛው ጎራ ተሻገረ?» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሻሽ ማሰር ጀመርኩ።

ዘይነብ ሱዳናዊት ጎረቤቴ ናት። ባሏ ግመል የሚያዞረው የሰሊጥ መጭመቂያ አለው፤ እሷ ከዚያ ዘይት ካርካር የሚሉትን የፀጉር ቅባት ትሠራለች። የሰሊጥ ዘይት፣ ሞራ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ወሩን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሷ ጋ እየሄድኩ ነበር። ለብ አድርጋ በጣቷ ጫፍ ትቀባኛለች። ሳሙና ከለከለችኝ። ማበጠሪያ ከለከለችኝ። ከሥሩ ከጥፍር የማይበልጥ ጥቁር ፀጉር ብቅ ሲል ከእኔ በላይ የተደሰተችው እሷ ናት።

«ይኸው አዲሱ መጣ። ቢጫው ግን ሞቷል፣ ያ ኡኽቲ፣ እህቴ። የሞተውን ተሸክሞ እንዴት ያድጋል? ይቆረጥ፣ ኻላስ፣ በቃ።»

«አይሆንም።»

«ባል የለሽም። ማን ይቆጣሻል?»

«እናቴ ነገ ትመጣለች።»

አልገባትም። አስረዳኋት። እኛ ዘንድ ሴት ፀጉሯን ከሥሩ የምትቆርጠው ሰው ሲሞትባት ነው። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደብዳቤው ከቆመ ስምንት ወር። ጎንደር ያለችው እናቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ እየቆመ ነው የምትኖረው። እንዲህ ሆኜ ብታየኝ... አንድ ቃል ሳልተነፍስ መርዶ ነገርኳት ማለት ነው።

«ሻሽሽን አታውልቂያ። ከሻሽ ሥር ታያለች?»

«የኔ እናት ከግድግዳ ጀርባም ታያለች።»

ዘይነብ ሳቀች። ከዚያ ፀጉሬን በጣቶቿ ዳበስ ስታደርገው አንድ ጭብጥ ተነቅሎ መጣ። መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቢጫው ጫፍ ላይ፣ ያ ወር ሙሉ የጠበቅነው ጥቁር አብሮ ተነቅሏል።

ቆረጠችው።

እሑድ አበባ ያለበት አረንጓዴ ሻሽ መርጬ አሰርኩ፤ ሐዘን እንዳይመስል። ወደ መኪና መቆሚያው ስሄድ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ነበር። «እማ፣ ደሳለኝ ደህና ነው፣ ይኼ የኔ እብደት ነው።» ከሰላምታ በፊት፣ በአንድ ትንፋሽ።

እናቴ ከጭነት መኪናው ጋቢና ወረደች። ከኋላዋ አጎቴ ወረዱ። ወባ ፈርተው ከጭልጋ ወዲህ ወርደው የማያውቁ ሰው ናቸው። ደብዳቤዋ «ናፍቀሽኛል፣ ሁለት ቀን አድሬ እመለሳለሁ» ነበር የሚለው። አጎቴን ምን አመጣቸው? አልኩ... ወዲያው ተውኩት። የራሴ ጭንቀት ይበቃኝ ነበር።

አቀፈችኝ። ሻሼ ተንሸራተተ። እጇ ራሴ ላይ አረፈ፣ ቆመ፣ ቀስ ብሎ እስከ ማጅራቴ ወረደ። አፌን ከፈትኩ።

ቀደመችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነገ ጠዋት፣ ሰው ባለበት፣ ቀስ ብለን ልንነግራት ነበር እኮ» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላውቅም። «ማነው እንዲህ የቸኮለው?»

የእናቴ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። የሷም ራስ ተላጭቷል።

ያጠናሁት አፌ ውስጥ እንዳለ ነበር። ደሳለኝ ደህና ነው... ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ከማስታውሳቸው ነገሮች ሁሉ፣ የዚያ ዓረፍተ ነገር አወራረድ ነው ጎልቶ የሚሰማኝ።

ድንኳን ተጣለ። የመጡት ሴቶች ሁሉ ራሴን እየዳበሱ አለቀሱ። «እህት እንዲህ ናት። ሆዷ ነግሯት እኮ ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ «ሳይነገራት» አለች፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ። አንገቴን ደፋሁ። ሐዘን መሰላቸው። ሐዘንም ነበር... ግን ሐዘን ብቻ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ቤቱ ጭር ሲል ዘይነብ በልብሷ ሥር ዘይት ደብቃ መጣች። ሐዘንተኛ እንደማይቀባ ታውቃለች። እናቴ ግን አየቻት። የተላላጠውን የራስ ቆዳዬንም አየች።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ፀሐይ» አለች ዘይነብ።

እናቴ እጇን ዘረጋች። ዘይቱን ተቀብላ ጉልበቷ ሥር አስቀመጠችኝ። የሷ ራስ እንደ ደረቀ፣ የኔን ቀባችው። ጣቶቿ ጆሮዬ ጀርባ ሲደርሱ ቆሙ። መቀሱ የሳተው፣ የአንድ ጣት ርዝመት ያለው ቢጫ ፀጉር እዚያ ቀርቷል። በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ብዙ ቆየች።

«መቀስ አቀብዪኝ» አለች ዘይነብን።

ቆረጠችው። ጨበጠችው። መቀባቷን ቀጠለች።

ፀጉሬ በሁለተኛው ዓመት ትከሻዬ ላይ ደረሰ። የሚያውቁኝ ሰዎች ግን «ሳይነገራት ለወንድሟ የቆረጠች» ማለታቸውን አልተዉም። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ይህን ደጋግማ ሰማች፤ አንድም ቀን አላረመቻቸውም... እኔም።